ታፔላው የማን ነው?

ባለፈው ወደ ደሴ ስጓዝ ጨፋ ሸለቆ ውስጥ ካሉት ከተሞች በአንዷ ሻይ ልጠጣ ወረድኩ። ስሟን አልጠራም፤ ሻዩን የጋበዙኝን ሰዎች ማስቀየም አልፈልግም። ከዋናው አስፋልት ወደ ሰፈሩ በሚታጠፈው ኮረኮንች አፍ ላይ አንድ ታፔላ ቆሟል። «ቆሟል» ማለት እንኳ ማጋነን ነው፤ አንድ እግሩን ዝገት በልቶት ወደ ቦዩ አዘንብሏል። «እንኳን ደህና መጡ» ከሚለው የቀረው «ደህና» ብቻ ነው። የስፖንሰሩ ምልክት ግን ዛሬም ከሩቅ ይነበባል፤ ሲጻፍም ከሰፈሩ ስም በእጥፍ ይበልጥ ነበርና።

የማን ነው ብዬ ጠየቅኩ። አንዱ የቀበሌ ነው አለኝ። ሌላው የለም፣ የማዘጋጃ ቤት ነው አለ። ሦስተኛው ሳቅ ብሎ፣ «ጋሼ፣ የተመረቀ ዕለት እኮ የሁሉም ነበር!»

እውነቱን ነው። በእኛ አገር ታፔላ ማቆም ድግስ አለው፦ ሪባን፣ ካሜራ፣ ለስላሳ። ቀለም መቀባት ድግስ የለውም። የሒሳቡ አሠራርም ያግዛል። ማቆሚያው ከካፒታል በጀት ወይም ከስፖንሰር ይገኛል፤ ማደሻው ግን ከመደበኛው በጀት መውጣት አለበት፤ ከዚያ ደግሞ ደመወዝ ተከፍሎ ለተረፈችው ነዳጅና ወረቀት ይሻሙባታል። አንድ ጣሳ አንቲረስትና የግማሽ ቀን ብየዳ ማን ያስታውሳል?

«እድሩ ለምን አያድሰውም?» የሚሉ አሉ። ይቺን ንግግር አልወዳትም። እድር ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ብረት ድስቱን ቆጥሮ ያስረክባል፣ ቆጥሮ ይረከባል፤ ብርጭቆ የሰበረ ይተካል። ንብረቱ ጠባቂ አለዋ! ታፔላውን ግን ለእድሩ ማን አስረከበው? በምርቃቱ ዕለት ሽማግሌዎቹን ፊት ወንበር ላይ አስቀምጦ ያስጨበጨበ ሰው፣ ሲዝግ ጊዜ «የኅብረተሰቡ ተሳትፎ» እያለ መምጣቱ ነውር ነው።

ታፔላ ምን ያንጨረጭርሃል ትሉኝ ይሆናል። እዚህ ሸለቆ ግን ታፔላ በሁለት ቋንቋ ነው የሚጻፈው። በ1994 ዓ.ም. ተሻሽሎ የጸደቀው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት ለኦሮሞ ብሔረሰብ የራሱን አስተዳደር ያረጋገጠበት፣ ከሚሴ ዋና ከተማው የሆነችለት ዞን ነው። አንዱ መስመር አማርኛ፣ ሌላው በቁቤ የተጻፈ አፋን ኦሮሞ ነው። ፀሐይ አታዳላም፤ ቀለም ግን እኩል አይላጥም። አንዱ መስመር ቀድሞ የጠፋ እንደሆነ፣ የ2013ቱን ግጭት ባየ አካባቢ፣ አላፊ አግዳሚው «ዝናብ ነው» አይልም፤ «ማን ፋቀው?» ይላል። ያን ጊዜ የሚነሳውን ወሬ ስንት ስብሰባ ተጠርቶ ነው የሚያበርዱት?

ስሙን የጻፈ ይቀባ ባይ ነኝ። ስፖንሰሩ ማስታወቂያው እስካለ ድረስ የማደስ ግዴታው በውል ይግባ። ውሉ ሲያበቃ ምልክቱ ይፋቅና ማዘጋጃ ቤቱ ታፔላውን በመዝገብ ይረከብ፤ ማደሻውንም በመደበኛ በጀቱ ይያዝ። እድሩ ሁለቱም መስመሮች መነበባቸውን እያየ ይጠይቅ፤ መብቱ ነው። ማንን እንደሚጠይቅ እንዲያውቅ ደግሞ የተረካቢው ክፍል ስልክና መጨረሻ የተቀባበት ዓመት ጀርባው ላይ ይጻፍ። ዞር ብዬ አይቼዋለሁ፤ ጀርባው ባዶ ነው።