ነጣ እንጂ አልታደሰም

ባለፈው ዓመት አንድ ድሪምካስት ሸጥን። ከዱባይ ካመጣነው ያገለገለ ዕቃ ውስጥ ሦስት ነበሩ፤ ሦስቱም የሻይ ቀለም ይዘዋል። አንዱን ከሱቃችን ጀርባ የሚሠራ ልጅ አነጣልን፤ ሲጨርስ በረዶ መሰለ። የገዛችን ኢስትሊ የምትኖር እህታችን ናት። እሷና ወንድሟ ልጅ ሆነው ጅዳ ሳሉ የተጫወቱበት ዓይነት ስለነበር ለሠርጉ ስጦታ አደረገችው። በስምንተኛው ወር ይዛው ተመለሰች። ክዳኑ እንደገና ወይቧል፤ ያውም ወጥ ሆኖ ሳይሆን እንደ ካርታ ዥንጉርጉር ሆኖ። «እህቴ፣ አዲስ ነው ብላችሁኝ አልነበር?» አለችን። አላልናትም። ነገር ግን የነጣ ነው ብለንም አልነገርናትም። ዕቃውን የሸጠላት ዝምታችን ነው።

ገንዘቧን መለስንላት። ሆኖም ነገሩ የእኛ ሱቅ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አሮጌ የቪዲዮ ጌም እየተፈለገ በመጣ ቁጥር፣ የወየበውን እያነጡ «እንደ አዲስ» ብሎ መሸጥ በመካከላችን ልማድ እየሆነ ነው። እኛ ይህ ልማድ ይቅር እንላለን። ማንጣቱ ይቅር አላልንም፤ ይቅር ያልነው መደበቁ ነው።

በመጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው። የእነዚህ ጌሞች ቀፎ የሚሠራው ኤቢኤስ ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ይህ ፕላስቲክ ብርሃን፣ ሙቀትና አየር ሲያገኘው ከዓመታት በኋላ ይወይባል። ፋብሪካዎቹ እሳት ቶሎ እንዳይዘው ብለው የሚጨምሩበት ብሮሚን ያለበት ቅመም መወየቡን ያግዘዋል ይባላል። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ቀፎዎች እኩል አይወይቡም። እ.ኤ.አ. በ1991 አሜሪካ የገባውን ሱፐር ኒንቴንዶ የሸጠ ሰው ያውቀዋል፤ ከላይ ያለው ክዳን ቅቤ መስሎ ከታች ያለው ግራጫ እንደሆነ ይገኛል። ባለቤቱ ቆሻሻ ስለሆነ አይደለም፤ ሁለቱ የተቀረጹበት ፕላስቲክ የተለያየ ስለሆነ ነው። እንግዲህ ቢጫነት ነውር አይደለም፤ ዕድሜ ነው።

ማንጫው ደግሞ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። በመድኃኒት ቤት ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠው 3 በመቶ ነው። የውበት ሳሎኖች ከፀጉር ቀለም ጋር የሚያዋህዱት ነጭ ክሬም ደግሞ 20 ቮልዩም ሲሆን 6 በመቶ፣ 40 ቮልዩም ሲሆን 12 በመቶ ነው። ቀፎው ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ሲመታው ቢጫው ይለቃል። ዘዴው የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ2008 የአሮጌ ኮምፒውተር ወዳጆች አሰራሩን በዝርዝር ካወጡት ወዲህ ነው። ይሠራል፤ እኛም ሠርተን አይተነዋል። የሚለወጠው ግን የላዩ ቀለም ነው። ፕላስቲኩ ያው ያረጀው ፕላስቲክ ነው፤ ስለዚህ ቢጫው ሊመለስ ይችላል። በካርቶን ተጠቅልሎ ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ እንኳ ተመልሶ ሲወይብ ታይቷል። ክሬሙ በአንድ በኩል ደርቆ በሌላው እርጥብ ከሆነ ደግሞ የማይለቅ ነጭ ጅማት ይተዋል። የዚያች እህታችን ዕቃ የደረሰበት ይኸው ነው።

የሚከራከሩን አሉ። «ገዢው ራሱ ነጩን ነው የሚመርጠው» ይላሉ። እውነት ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጡ እጁ ወደ ነጩ ይሄዳል። ግን ለምን ይመርጠዋል? ብዙ ያልተሠራበት፣ ፀሐይ ያላገኘው፣ በጥንቃቄ የተያዘ ስለሚመስለው ነው። ተጨማሪውን ገንዘብ የሚከፍለው ለዚያ እንጂ ለክሬሙ አይደለም። እኛም ይህን እያወቅን ዝም ካልን፣ ያልኖረበትን ታሪክ ሸጥንለት ማለት ነው።

«መኪናስ ቀለም ተቀብቶ ይሸጥ የለም?» የሚሉም አሉ። ይሸጣል፤ ግን መኪና የሚገዛ ሰው መካኒክ ይዞ ይመጣል፤ ቀለሙን በጥፍሩ ይፍቃል፤ ሞተሩን አስነስቶ ያዳምጣል። ለልጇ ወይም ለወንድሟ ጌም የምትገዛ እናት ማንን ይዛ ትምጣ? የምታምነው እኛን ነው። መካኒኳም ሻጯም እኛው ነን።

«ርካሽ ዕቃ ነው፣ ምን ያካብዳችኋል?» ለሚሉን ደግሞ በሂሳብ እንመልስ። እንበል የወየበው 6,000 የኬንያ ሽልንግ፣ የነጣው 9,000 ይሸጣል። ትርፉ 3,000 ነው። ክሬሙንና የልጁን ድካም ቀንሱ። ከአምስት አንዱ ቢመለስ 9,000ው ይወጣል፤ በእጃችሁ የሚቀረው ዥንጉርጉር ዕቃ በ6,000ም አይሸጥም። በኮሜርስ ትምህርት መልካም ስም ራሱን የቻለ ሀብት እንደሆነ ተምረናል፤ በመዝገብ የማይታይ፣ ሲጠፋ ግን ሱቁን ይዞ የሚጠፋ። ያቺ እህታችን ስንት ሰው እንደምታውቅ እኛ አናውቅም። እሷ ግን ታውቃለች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ መንገድ የምንውል ሰዎች ስንቅ ሲቀል ምን እንደሚከተል ማንም አያስረዳንም።

ሕጉም ከገዢው ጋር ነው። በኢትዮጵያ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ አላት። ከድንበሩ በየትኛውም ወገን ብንቆም መሸሸጊያ የለንም።

ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበን ግን ልጆቹ ናቸው። ይህን ሥራ የሚሠሩልን ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚመጡ የእህትና የወንድም ልጆች ናቸው። ጓንት የላቸውም። 12 በመቶ የሆነው ክሬም ቆዳ ላይ ሲያርፍ ጣቱ ነጭ ይሆናል፤ እንደ እሳትም ይለበልባል። ዓይን ውስጥ ከገባ ማየትን ሊጎዳ ይችላል። ቶሎ እንዲነጣ ብሎ በረኪና የሚጨምርበት አለ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ይፈላሉ፣ ይረጫሉ፤ በረኪናውም ቢጫውን አያስለቅቅም፣ ፕላስቲኩን ይጎዳል እንጂ። የተረፈውን ፈሳሽ በጠርሙስ አጥብቆ ከድኖ ፀሐይ ላይ የሚተውም አይተናል፤ ፐርኦክሳይድ ጋዝ ስለሚለቅ ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል። በ3,000 ሽልንግ ትርፍ የልጅ ዓይን የሚያስይዝ ነጋዴ ካለ፣ ጓንትና የዓይን መነጽር ሳይገዛ ክሬሙን እንዳይገዛ እንለምነዋለን።

ደግሞስ ነጭ ቀፎ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ቀኑን ሙሉ ክዳን ስናነጣ ውለን ውስጡን አንከፍትም። ድሪምካስት እየተጫወቱበት በራሱ ጠፍቶ የሚነሳ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከኃይል ሰጪው ወደ ዋናው ቦርድ የሚገቡት ፒኖች መቆሸሻቸው ነው፤ ነቅሎ በአልኮል መጥረግ ይበቃል። በተከፈተ ቁጥር ቀንና ሰዓት የሚጠይቅ ከሆነ በውስጡ የተበየደው ባትሪ ሞቷል። ከጃፓን የመጣው በ100 ቮልት፣ ከአሜሪካ የመጣው በ120 ቮልት እንዲሠራ የተዘጋጀ ነው። የአዲስ አበባው 220፣ የናይሮቢው 240 ነው። ያለ ትራንስፎርመር የሸጥነው ነጭ ዕቃ በመጀመሪያው ምሽት ይቃጠላል። ማደስ ማለት እንግዲህ ይህ ነው፦ ፒን መጥረግ፣ ባትሪ መቀየር፣ የዲስክ ማንበቢያውን መፈተሽ፣ ትክክለኛውን ትራንስፎርመር ማያያዝ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ቢነጣ መልካም፤ ባይነጣም ዕቃው ይሠራል።

ስለዚህ በመካከላችን ቢስማማ የምንለው ይህ ነው።

ዕቃው ከነጣ በወረቀት ይጻፍ፦ «ቀፎው በፐርኦክሳይድ ነጥቷል፣ በዚህ ቀን፤ ቀለሙ ሊመለስ ይችላል።» አንድ መስመር ነው፤ ከደረሰኙ ጋር ይያያዝ።

ከማንጣት በፊት እንጠይቅ። ከውጭ ለዕረፍት የሚመጡ ሰብሳቢዎች ያልተነካውን ቢጫ የሚመርጡበት ጊዜ አለ፤ አንዴ ያነጣነውን ወደ ነበረበት መመለስ አንችልም።

የሚነጣው ዕቃ ሙሉ በሙሉ ይፈታ። ቦርዱ፣ ሽቦውና ሞላው ይውጣ፤ ወረቀት የተለጠፈበት ይሸፈን፤ ቀፎው በሳሙና ይታጠብ። ክሬሙ ወጥ ሆኖ ይቀባ፣ እንዳይደርቅ በላስቲክ ይጠቅለል፣ ቶሎ ቶሎ ይገላበጥ፣ በመጨረሻ በብዙ ውኃ ይታጠብ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ነጭ ጅማት ግን አይለቀምም።

ሥራው የአዋቂ ይሁን፤ ጓንትና መነጽር ይኑረው። ልጆች መጫወቱን ይፈትሹልን፤ እሱን ከእኛ ይበልጣሉ።

ከሦስቱ ድሪምካስቶች ሁለቱ ሱቃችን ቀርተው ነበር። አላነጣናቸውም። ፒናቸውን ጠርገናል፣ ባትሪያቸውን ቀይረናል፣ ከፊት ለፊታቸው «ወይቧል፣ ይሠራል» የሚል ወረቀት አድርገናል። ያቺ እህታችን ባለፈው ሳምንት መጥታ አንዱን አስከፈተችን፤ ቆማ ትንሽ ተጫወተችና ዋጋውን ጠየቀች። ቢጫነቱን ስናሳያት «አያለሁ እኮ፤ የእኛም የጅዳው በመጨረሻ እንዲህ ነበር» አለችና ከፍላ ወሰደችው።