የ1988 ተመራቂዎች ማን የት ደረሰ?



በዛሬው ዓምዳችን በ1985 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አብረውን ገብተው በ1988 ዓ.ም. አብረውን የተመረቁትን ወንድሞችና እህቶች ከነቤተሰባቸው ወሬ ይዘን ቀርበናል። ስም አንጠራም። ራሳቸውን የሚያውቁ ያውቃሉ፤ የማያውቋቸውም ቢሆኑ በየቤታቸው ተመሳሳዩን ሰው አያጡም።

ስድስት ኪሎ በገባን በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ዓ.ም.፣ በኤርትራ ሪፈረንደም ሳቢያ የተነሣው የተማሪዎች ሰልፍ በጥይት ተበተነ፤ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። የወሎና የባሌ ልጆች ሻንጣቸውን ተሸክመው የሚሄዱበት ሲያጡ የመርካቶ ልጆች ወደየቤታቸው ወሰዷቸው። የአውቶቡስ ገንዘቡም ከእናቶቻቸው መቀነት ነው የወጣው። የእኛ ወንድማማችነት በትምህርት ክፍል ሳይሆን በዚያች ሳምንት እንደ ተጀመረ ዛሬም እንናገራለን። የ1988ቱ ረመዷን ደግሞ ጥር ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ከፈተና ጋር ተጋጥሞብን ከእራት ያስቀረነውን ዳቦ ለስሑር እየበላን አነበብን። የጨረቃው ዓመት በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን እየቀደመ 33 ዓመት ገደማ ሲሞላው ይዞራልና፣ ረመዷን እንደገና ወደ ጥር ሊመለስ የቀረው ጥቂት ነው። በዚህ መሐል ፀጉራችን ሸብቷል፤ የቁርኣን ፊደል ያለ መነጽር አልታይ ብሎናል።

የደሴው ወንድማችን ከተመረቀ ጀምሮ መምህር ነው። በ2014 ዓ.ም. ደሴ በጦርነቱ በተያዘችበት ጊዜ ባለቤቱንና አራት ልጆቹን ይዞ አዲስ አበባ ወጥቶ ነበር፤ ያረፈውም በ1985 ካሳደረው የመርካቶ ልጅ ቤት ነው። ከተማዋ ስትለቀቅ ተመለሰ። ቤቱን ሲከፍት የጠፋው ብዙ ነበር፤ እርሱ ግን መጽሐፎቹ መትረፋቸውን ነው የጻፈልን።

በዲቪ አሜሪካ የገባው ወንድማችን ቨርጂኒያ ውስጥ የሌሊት ሥራ ይሠራል። ልጆቹ አማርኛ ይሰማሉ፤ መናገሩን ግን ያፍራሉ። አያታቸውን በስልክ ሲያነጋግሩ እርሱ መሐል ቆሞ ያስተረጉማል። በባንክ ትሠራ የነበረችው እህታችን ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ወደ ወለድ አልባው አገልግሎት ተዛውራለች። ደሞዙ እንዴት ነው ብለን ብንጠይቃት ሳቀች፤ ከሳቋ በላይ አልጠየቅናትም።

ስለ ጤና አንድ ነገር። በቡድናችን ውስጥ ስኳር ያለባቸው ሰባት ደርሰዋል። ከነዚህ መካከል ሁለቱ ባለፉት ረመዷኖች ሐኪም ሳያማክሩ ፆመው ወድቀዋል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ በተለይ ኢንሱሊን የሚወጋ፣ ረመዷን ከመግባቱ ሳምንታት ቀደም ብሎ ሐኪሙን ማየት አለበት፤ የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት ይስተካከልለታል። ጣትን ወግቶ ስኳርን መለካት ፆም አያፈርስም። ልኬቱ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ እንዲፈቱ ሐኪሞች ይመክራሉ። «እስከ መግሪብ ትንሽ ነው የቀረው» ማለት ጀግንነት አይደለም።

አሁን ብዙ ወዳቆየን ጉዳይ እንለፍ። በ2017 ዓ.ም. በሸዋል ወር ከመካከላችን አንዱ ወደ አኼራ ሄደ፤ አላህ ይዘንለት። ባለቤቱን፣ ሦስት ልጆቹንና እናቱን ትቶ አለፈ። ቀብሩ ላይ ከፊት የቆመው የሥራ ሸሪኩ ነበር፤ እርሱም የክፍላችን ልጅ ነው። ሁለቱ ከ20 ዓመት በላይ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር አብረው ይዘው ኖረዋል።

ባለቤቱ ዒዳዋን፣ አራት ወር ከአሥር ቀኑን፣ ከጨረሰች በኋላ ሸሪኩ ወደ እኛ መጣ። መርሑሙ ለኮንዶሚኒየሙ ክፍያ ከርሱ 240 ሺህ ብር ተበድሮ እንደ ነበር ነገረን። ወረቀት አለ ወይ አልነው። የለም። ምስክርስ? የለም። እህታችን ዘንድ ስንሄድ «እሱ ለእኔ ሳይነግረኝ ይህን ያህል ብር አይበደርም» አለች። ሸሪኩም ይህን ሲሰማ «ወንድሜን በቀበርኩ ማግስት ውሸት ልናገር?» ብሎ እንባው መጣ። ሁለቱንም እናምናቸዋለን፤ ጭንቁም እዚያ ላይ ነው። ዕዳ ካለ ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት መከፈል አለበት። ዕዳ ከሌለ ደግሞ የየቲም ገንዘብ ለማይገባው ሊሰጥ ነው።

ከሸሪኩ ጋር ለሁለት ወር ያህል ተመላለስን። ነገሩን የፈታችው አምስት ኪሎ ሦስተኛ ዓመት ላይ ያለችው ትልቋ ልጅ ናት። የአባቷን ደብተሮች አንድ በአንድ ስትገልጥ በእጅ ጽሑፉ የተመዘገበ አገኘች፤ 240 ሺህ መበደሩ እውነት ነው፤ 50 ሺህና 40 ሺህ ደግሞ መልሷል። ሸሪኩ የባንክ ደብተሩን ሲያይ 50 ሺው ገብቶ አገኘው። 40 ሺው በእጅ የተሰጠ ስለሆነ አላስታወሰውም። ብዙ አሰበና «የእሱን እጅ አልክድም» አለ። የቀረው 150 ሺህ ሆነ።

በባንክ ከነበረው ገንዘብ 60 ሺህ ተከፈለ። ለቀሪው ቤቱን መሸጥ ልጆቹን ሜዳ ላይ መጣል ነበርና፣ የክፍል ጓደኞቹ 90 ሺውን አዋጣን። ሁሉም አልተስማማም። አንድ ወንድማችን «ያልተነገረንን ዕዳ ለምን እንከፍላለን?» ብሎ ተከራከረ፤ ክርክሩም መሠረት አልነበረውም አንልም። ዘካን ለሟች ዕዳ በማዋል ላይ ሊቃውንት ስለሚለያዩም ያዋጣነው ከዘካ ሳይሆን ከሰደቃ ነው። ሸሪኩ ከድርሻው 10 ሺህ ቀንሻለሁ ብሎ ከአዋጪዎቹ ተቆጠረ።

ከዚያ ወራሾቹ ወደ ፌደራል የመጀመሪያ ደረጃ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ሄዱ። ለሚስት ከስምንት አንድ፣ ለእናት ከስድስት አንድ፣ የቀረው ለልጆች። እናትየው «ልጆቼ፣ የልጄን ገንዘብ እኔ ምን ላደርገው? ለነሱ ይሁን» አሉን። ያማከርናቸው ሼኽ ግን በመጀመሪያ ድርሻቸው በስማቸው ተለይቶ እንዲታወቅ፣ ከዚያ ከፈለጉ እንዲሰጡ ነገሯቸው። ትክክል ይመስለናል። በኀዘን ውስጥ «ይቅርብኝ» የሚሉ እናቶች ምን ያህል እንደሆነ ሳይነገራቸው የቀሩት ብዙ ናቸውና። እርሳቸውም መጠኑን ካወቁ በኋላ ግማሹን ሰጥተው፣ ግማሹን ለራሳቸው መታከሚያ አስቀሩ።

ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ብድርን ስለ መጻፍ መሆኑን እያወቅን፣ ሃያ ዓመት አብሮ የሠራ ሰው አንድ ወረቀት ሳይኖረው መገኘቱ ያስገርማል። «ወንድሜን ወረቀት ልጠይቀው?» ማለት ፍቅር ይመስላል፤ መከራውን የሚያየው ግን የሚቀረው ቤተሰብ ነው። ከዚህ ወዲህ በሽርክና የሚሠሩ ሁለት የክፍላችን ልጆች ውላቸውን ጽፈው በምስክር ፊት ፈርመዋል። ከምስክሮቹ አንዱ እኛ ነን።

ልጅቷ ደብተሩ እንዲመለስላት ጠይቃ ተመልሶላታል። የደሴው መምህርም በመጪው ሸዋል ሴት ልጁን ይድራል። ከአዲስ አበባ የምንሄደው በአንድ ሚኒባስ ስለሆነ፣ የክፍላችን ልጆች ለመርካቶው ወንድማችን አስቀድማችሁ አሳውቁ።