ወሯ የገባ ሚስት ላለችው አባወራ

ያልታወቀን ነገር መጠበቅ፣ የታወቀን መከራ ከመቀበል ይልቅ ልብን ያደክማል። ገበሬ ዘሩን ከዘራ በኋላ ዝናሙ የዘገየ እንደ ሆነ ሰማዩን ያያል፤ ደመናውን መርምሮም ይናገራል። ሚስቱ ወሯ የገባላት አባወራ ግን የሚመረምረው ደመና የለውም። ልጁ በማኅፀን ተሰውሯል፤ በእናቲቱም ሰውነት ውስጥ የሚሆነው ነገር ከእርሱ ዐይን የተከደነ ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ስለ እናቲቱ ብቻ ሳይሆን፣ ብዙ ጊዜ ስለማይነገርለት ስለ አባትየው ጭንቀትና ተግባር ጥቂት ለመናገር ወደናል።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብሎ፣ በማቻከል ገጠር የሚኖር አንድ አባወራ እናስብ። ሚስቱ የመጨረሻ ወሯ ነው። ፊቷና እጇ አብጧል፤ ራሷንም ያማታል። እናቱ፣ «የልጁ ክብደት ነው፤ እኔም በአንተ እንዲሁ ነበርሁ» ትለዋለች። ጎረቤቲቱ፣ «ምች ነው» ትላለች። የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ግን የደም ግፊቷን ለክታ ሽንቷንም መርምራ፣ «ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል ትሂድ፤ ምናልባት ጽኑ ሕመም ይሆናል፣ ምናልባትም አይሆንም» ትለዋለች። ሰውየውን ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀው ይህ «ምናልባት» የሚለው ቃል ነው። በልቡም፣ «የተማረችው ካላወቀች ማን ያውቃል? ካልታወቀስ ስለ ምን መንገድ እወጣለሁ?» ይላል።

የነገሩ ሁሉ ቍልፍ በዚህ ላይ ነው። የአዋላጂቱ «ምናልባት» አለማወቅ አይደለም፤ የዕውቀት ፍሬ ነው። ይህ እንዴት ነው ቢሉ፣ በጎተራው አጠገብ ጭስ ያየ ሰው እሳቱን እስኪያይ ድረስ አይቀመጥም። እሳቱ ከታየ በኋላ ጎተራው አይተርፍምና። ሐኪምም በእርግዝና መጨረሻ ላይ የሚሠራው በጭሱ ነው።

ነገሩን ዘርዝረን ብንመለከት ይህ ይገለጣል። ነፍሰ ጡር ሴት ከአምስተኛው ወር በኋላ የደም ግፊቷ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ፣ በሽንቷም ፕሮቲን የተገኘ እንደ ሆነ፣ ይህ ፕሪ ኤክላምሲያ የሚባለው ሕመም ምልክት ነው። ጽኑ ራስ ምታት፣ የዐይን መፍዘዝና ከጡት በታች የሚሰማ የሆድ ሕመም ከተጨመሩበት አደጋው ቀርቧል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው መንዘፍዘፍና ራስን መሳት ነው። እብጠት ብቻውን በብዙ ጤነኞች እርጉዞች ላይ ይታያል፤ አማቲቱም ያለችው ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የልጅ ክብደት የሚያመጣውን እብጠት ከሕመሙ እብጠት የሚለየው ልምድ ሳይሆን ልኬት ነው። ለመንዘፍዘፉ መድኃኒት አለው፤ ማግኒዥየም ሰልፌት ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2002 ውጤቱ በታተመ፣ በ33 አገሮች ወደ 10,000 የሚጠጉ ሴቶች በተሳተፉበት ጥናት፣ ይህ መድኃኒት የመንዘፍዘፍን አደጋ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ ታውቋል። የሕመሙ ምንጭ ግን ከእንግዴ ልጁ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፣ ዋናው ፈውስ መውለድ ነው። ልጁ ወሩን ያልጨረሰ እንደ ሆነ ሐኪሙ ሚዛን ይይዛል፤ በአንደኛው ወገን የእናቲቱ ሕይወት፣ በሁለተኛው ወገን ያልጠና የሕፃን ሳንባ አለ። «እስከ ነገ እንይ» ሲል የሚሰማው አባት ይህን ሚዛን ያስብ እንጂ ሐኪሙን ሰነፍ አይበለው።

ሁለተኛው ስውር ነገር የቀኑ ቍጥር ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከመጋቢት 29 ቀን እስከ ታኅሣሥ 29 ቀን ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ቈጥራ የጌታን ፅንሰትና ልደት ታስባለች፤ ይህም 275 ቀን ነው። አዋላጆች ደግሞ የመጨረሻው የወር አበባ ከጀመረበት ቀን አንሥተው 280 ቀን፣ ማለት 40 ሳምንት ይቈጥራሉ። ነገር ግን ብዙዎች ያን ቀን አያስታውሱትም፤ በእርግዝና መጨረሻ የተነሣ አልትራሳውንድም እስከ ሦስት ሳምንት ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ «ቀኗ ገና ነው» ብሎ ሩቅ ገበያ የሚሄድ ባል በማያውቀው ቍጥር ታምኗል ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ወደ ጤና ጣቢያ የወሰዳት ግን ይህን ጥርጣሬ አስቀድሞ አጥብቦታል።

ሌሎችም ምልክቶች አሉ። በመጨረሻዎቹ ወራት የሚፈስ ደም፣ ሕመም ባይኖረውም እንኳ፣ እንግዴ ልጁ በማኅፀን አፍ ላይ መቀመጡን ሊያመለክት ይችላልና አይናቅ። የሕፃኑ እንቅስቃሴ ከወትሮው መቀነስ፣ የሽርት ውኃ ያለ ምጥ መፍሰስ፣ ብርቱ ትኩሳት፣ ከ12 ሰዓት ያለፈ ምጥ፣ እነዚህ ሁሉ «እስኪነጋ እንይ» የማይባልባቸው ናቸው።

ይህን ጉዳይ የመረመሩ ሊቃውንት እናቶችን የሚገድሉ ሦስት መዘግየቶች እንዳሉ ጽፈዋል። አንደኛው ለመሄድ በመወሰን፣ ሁለተኛው በመንገድ፣ ሦስተኛው ከሕክምናው ቤት ደርሶ አገልግሎት በማግኘት የሚደርስ መዘግየት ነው። ሦስተኛው በሐኪሞችና በመንግሥት ትከሻ ላይ ነው። ሁለተኛው የአገር ነው። አንደኛው ግን በአባወራው ደጃፍ ውስጥ ነው። በአገራችን በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2000 በጤና ተቋም የሚወልዱት እናቶች ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ግን 48 ደርሰዋል። ከ100,000 ወሊዶች የሚሞቱት እናቶች በ2000 ጥናት 871 ሲሆኑ፣ በ2016 ጥናት ወደ 412 ወርደዋል። ቍጥሩ የወረደው የእናቶቻችን ሰውነት ስለ ተለወጠ አይደለም፤ በየቤቱ «እንሂድ» የሚለው ቃል ቀድሞ ስለ ተነገረ፣ የሚሄዱበትም ቤት ስለ ተሠራ ነው።

ይህ ሐዘን ደሃን ብቻ የሚያገኝ የሚመስለው ሰው ቢኖር የልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴን ታሪክ ያስብ። ልዕልቲቱ በስደቱ ዘመን በእንግሊዝ አገር የነርስነት ሙያ የተማረች ነበረች። በ1934 ዓ.ም. በወለጋ፣ በነቀምቴ፣ በእርግዝና ምክንያት በደረሰባት ሕመም ዐረፈች። ባለቤቷ አቢይ አበበ ሹመትም ክብርም ነበረው፤ እርሷም ራሷ ሕክምናን ታውቅ ነበር፤ የጎደለው ሌላ ነገር ነው፤ ሩቅ በሆነ ስፍራ በሰዓቱ የሚደርስ እርዳታ። በስሟ በአዲስ አበባ ሆስፒታል ተሠራ። ወደዚያም ሆስፒታል በ1951 ዓ.ም. ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሐምሊን አዋላጆችን ለማስተማር መጡ። በረጅም ምጥ ምክንያት በፊስቱላ የተጎዱትንም እናቶች አይተው፣ ለእነርሱ የሚሆን ሆስፒታል በአዲስ አበባ አቋቋሙ፤ ዛሬ ቅርንጫፉ በባሕር ዳርም አለ። ከአንድ ቤት ሐዘን ለብዙ ቤት መጽናኛ ወጣ።

አንዳንዱ ምእመን፣ «አስቀድሞ መዘጋጀት በእግዚአብሔር አለመታመን አይሆንምን?» ይለናል። አይሆንም። ያዕቆብ የተስፋው ወራሽ ሲሆን ራሔል በኤፍራታ መንገድ ላይ በምጥ ሞተችበት፤ የጻድቅ ቤት መሆን ከዚህ ፈተና አያስቀርም ማለት ነው። በመጽሐፈ ሲራክ 38ኛው ምዕራፍ ሐኪም እንዲከበር ታዟል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ባለ መድኃኒት ነበር። እናቶቻችን በምጥ ጊዜ እመቤታችንን ይጠራሉ፤ ማኅፀን ፈቺውን መልአክ ቅዱስ ሩፋኤልንም ይማፀናሉ። ይህ ጸሎት በቤትም በአምቡላንስም በሆስፒታልም ይጸለያል። በተለይ ነፍሰ ጡር ሴት የተንዘፈዘፈች እንደ ሆነ፣ ርኩስ መንፈስ ነው ብሎ በጠበል ደጅ ማዋል ሁለት ነፍስ ያስጠፋል። በመጀመሪያ ወደ ሐኪም ትወሰድ፤ ካህኑም አብሮ ይሂድ፤ የንስሐ አባት በረከት በሆስፒታል ደጅ አይቆምምና።

እንግዲህ አባወራው ምን ያድርግ? የማይታወቀውን እንዲያውቅ አይጠየቅም፤ የሚታወቀውን እንዲያሰናዳ ነው። አስቀድሞ ከሚስቱ ጋር ሆኖ የሚወልዱበትን ቤት ይወስን፤ ገንዘብ ለይቶ ያስቀምጥ፤ የአምቡላንሱን ስልክ ይያዝ። መኪና ከማይገባበት ቀበሌ ከሆነ፣ ቃሬዛ የሚሸከሙትን የዕድርና የማኅበር ወንድሞች በስም ያሰናዳ። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ብርቱ ደም በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላልና፣ ደም የሚለግሱ ሁለት ሦስት ጤነኛ ዘመዶችን ያዘጋጅ። ከሁሉም በላይ በእናቱና በጎረቤት ፊት፣ «እኔ ባልኖር አትጠብቁኝ፤ ሐኪም ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል ቢልም ፈቃዴን አትፈልጉ፤ የእርሷ ቃል ይበቃል» ብሎ ይናገር። ስንት እናት ባሏ ከእርሻ፣ ከገበያ ወይም ከለቅሶ እስኪመለስ ስትጠበቅ ሰዓቷ አልፏል! ይህ አንድ ቃል ምንም ገንዘብ አያስወጣም፤ የሚያድነው ግን ብዙ ነው።

ቤቱ ሩቅ ከሆነ ደግሞ ቀኑ ሳይደርስ ወደ እናቶች ማቆያ ቤት መግባት ይበጃል። በጉራጌ አገር በአጣጥ ሆስፒታል እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1987 እስከ 2008 በተያዘው መዝገብ፣ በማቆያው ከሰነበቱት እናቶች ከ1,000 ሕፃናት 18 ያህሉ ሞተው ሲወለዱ፣ በቀጥታ ከቤት ከመጡት ግን 191 ነበሩ። በእርግጥ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ችግሩ ከጀመረ በኋላ የመጡ ናቸው፤ ትምህርቱም ይኸው ነው። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ግጭት መንገድ የተዘጋባቸው ቀኖችም ነበሩ፤ ክረምትም ወንዝ ይሞላል። ስለዚህ መንገድ ክፍት ሳለ መሄድ ብልህነት ነው።

ደርሶ ምንም ሕመም ያልተገኘ እንደ ሆነ፣ «ገንዘቤን በከንቱ አወጣሁ» አይበል። አጥር ያጠረ ሰው ጅብ ስላልመጣ አጥሩን አያፈርስም። ሚስቱንም «አስፈራርተሽኝ» ብሎ አይውቀስ፤ ተወቅሳ ዝም ያለች ሴት በሁለተኛው ጊዜ ሕመሟን ትሸሽጋለችና። በሆስፒታሉ ግቢ ሲጠብቅም የሚያስጨንቀውን ሁሉ በፊቷ አይዘርዝር፤ እውነቱን ግን አይደብቃት። የተነገረውን አብረው ይስሙ፤ ያልገባውንም ሐኪሙን ይጠይቅ።

ይህን ሁሉ አድርጎም ያሰበው ያልሆነለት አባት አለ። ለእርሱ የምንለው በጥቂቱ ነው። የቀረበ፣ የተዘጋጀና ያልዘገየ አባት ሐዘን ይደርስበታል እንጂ ጸጸት አይደርስበትም፤ ሰውም «እንዲህ ብታደርግ ኖሮ» እያለ ቍስሉን ሊነካው አይገባም። የሰው ድርሻ እስከ ደጃፉ ነው፤ ማኅፀንን የሚፈታ እግዚአብሔር ነው።

አማኑኤል ማለት እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ማለት ነው። ከእኛ ጋር የሆነ አምላክ እኛም ከሚስቶቻችን ጋር እንድንሆን ያስተምረናል፤ ይኸውም ነገሩ ሁሉ ከታወቀ በኋላ ሳይሆን ገና «ምናልባት» በሚባልበት ሰዓት ነው። ወራቸው ለገባ እናቶች ሁሉ ማርያም ትቅረባቸው፤ ለአባቶችም ልብና ማስተዋልን ያድልልን። አሜን።