ለመዘዞ ልጅ ቅርቡ ደብረ ብርሃን ነው

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ጥፋቱን ሁሉ በልጆች ስንፍና ማላከክ አይቻልም፤ ኬሚስትሪን በጥቁር ሰሌዳ ብቻ የተማረ ብዙ ነው።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በስቴም ማዕከሉ ጎበዝ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሳይንስና ሒሳብ ያስተምራል። ጥቅሙ ሰርተፍኬቱ አይደለም። ልጁ ያነበበውን በእጁ ይሞክራል፤ የሚበልጠው እኩያም ያገኛል። በሰፈሩ አንደኛ የነበረ ልጅ የሚያድገው ያኔ ነው።

ከመዘዞ ባሕር ዳር ሩቅ ነው፤ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ግን ቅርብ ነው። ቤተ ሙከራውን በክረምት ለገጠር ልጆች በሰፊው ይክፈት። ወላጅም «ክረምት የእርሻ ጊዜ ነው» ብሎ ልጁን አያስቀር፤ የሁለት ወር ጉልበት ይተካል፣ ያመለጠ ዕድል ግን አይመለስም።