የመኪና ማቆሚያ ቅጣትና የዳኝነት ነገር

በአገራችን «በሕግ አምላክ» ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃም ይቆማል ይባላል። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኗል፤ የሚያስቀጣው መሄድ ሳይሆን መቆም ነው። ከመካከላችን መኪና ያለው ሁሉ፣ ከትምህርት ክፍል ወጥቶ ሲመጣ ከፊት መስተዋቱ መጥረጊያ ሥር ተሰክታ የምትጠብቀውን ወረቀት ያውቃታል። መኪና የሌለው ደግሞ «ይህ እኔን አይመለከተኝም» ይል ይሆናል። እኛ ግን ሁለቱንም ይመለከታል እንላለን፤ ምክንያቱም ጥያቄው የመኪና ብቻ ሳይሆን የዳኝነት ጥያቄ ነው።

ቅሬታው አዲስ አይደለም። ከ1958 እስከ 1967 (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩት ክላርክ ከር፣ መምህራንን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ቢኖር በመኪና ማቆሚያ ማጉረምረማቸው ነው ብለው በ1963 በታተመው መጽሐፋቸው ቀልደው ነበር። በዚያው ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ ግቢ፣ የኖቤል ሽልማት ያገኘ ፕሮፌሰር ከሚደረግለት ክብር አንዱ ለተሸላሚዎች ብቻ በተከለለ ቦታ መኪናውን ማቆም ነው። ለታላቁ ሊቅ እንደ ሽልማት የሚቆጠር ነገር ለጀማሪው ተማሪ ቢቸግረው ምን ያስደንቃል?

ሆኖም ከሁሉ አስቀድመን እውነቱን እንነጋገር። «ማቆሚያው በነጻ ይሁን፣ ቅጣቱም ይቅር» የሚሉ ጓደኞች አሉን። በዚህ አንስማማም። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ የኖሩትና በ2025 ያረፉት ፕሮፌሰር ዶናልድ ሹፕ፣ በ2005 ባሳተሙት ትልቅ መጽሐፍ ነጻ የሚባለው ማቆሚያ ነጻ አለመሆኑን አስረድተዋል። መሬቱ፣ አስፋልቱ፣ መብራቱና ጥበቃው ዋጋ አላቸው። ባለመኪናው ካልከፈለ፣ ያ ዋጋ በሌላ ስም ተሰውሮ በእግሩና በአውቶቡስ በሚመጣው ጭምር ላይ ይወድቃል። ቅጣቱም ፈጽሞ ቢቀር ለአካል ጉዳተኛ የተከለለው ቦታ በጉልበተኛ ይያዛል፤ የእሳት አደጋ መኪና መግቢያም ይዘጋል። ቅጣት የሌለው ሕግ ምክር እንጂ ሕግ አይደለም።

የምንቃወመው ሌላ ነገር ነው። በብዙ ግቢዎች የማቆሚያ ፈቃዱን የሚሸጠው፣ የቅጣቱን ወረቀት የሚጽፈው፣ አቤቱታውን መጀመሪያ የሚሰማውና ገንዘቡን ተቀብሎ ለሥራው የሚያውለው አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ከሳሹም፣ ዳኛውም፣ ተጠቃሚውም እርሱ ነው ማለት ነው። አባቶቻችን «ዳኛ የወል፣ ምሰሶ የመሀል» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ምሰሶው ወደ አንዱ ግድግዳ ከተጠጋ ቤቱ ያዘነብላል። በዚያ መሥሪያ ቤት የተቀመጡት ሰዎች ክፉዎች ናቸው አንልም። ነገር ግን በጀቱ በቅጣት ገንዘብ የሚሞላ መሥሪያ ቤት፣ ሰዎቹ ደጎች ቢሆኑም እንኳ፣ ጥፋት እንዲቀንስ ከልቡ ሊመኝ እንዴት ይችላል?

ይህን አደጋ ሕግ አውጪዎችም ሳይገነዘቡት አልቀሩም። በካሊፎርኒያ የተሽከርካሪ ሕግ መሠረት፣ የተቀጣ ሰው በ21 ቀን ውስጥ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይለት ሊጠይቅ ይችላል። በዚህ ውሳኔ ካልረካ በመርማሪ ፊት ቀርቦ ይከራከራል፤ ከዚያም ቅር ካለው በ30 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል። የመርማሪው ደመወዝና የሥራ ዕድሉ ከሚሰበሰበው የቅጣት ገንዘብ ጋር እንዳይያያዝም ሕጉ ይከለክላል። ይህ መልካም ነው። ሆኖም የመጀመሪያውን አቤቱታ የሚመለከተው ያው ቀጪው ወገን ነው፤ በመርማሪ ፊት ለመቅረብ ደግሞ አስቀድሞ ቅጣቱን ማስያዝ ያስፈልጋል። መክፈል አለመቻሉን ያስረዳ ሰው ሳያስይዝ እንዲከራከር የሚፈቅድ ደንብ እንዲኖር ሕጉ ያዛል፤ ነገር ግን መብት ካልተነገረ እንደሌለ ይቆጠራል። ሌሊት ሳህን ሲያጥብ አድሮ ጧት ለፈተና የሚሮጥ ተማሪ የሕግ መጽሐፍ የሚያገላብጥበት ጊዜ ከወዴት ያመጣል?

ሌላው ነገር የቅጣቱ ክብደት ነው። አንድ ዓይነት ቅጣት ለፕሮፌሰሩ የምሳ ዋጋ ሲሆን ለተማሪው የሳምንት ቀለብ ይሆናል። በቀኑ ካልተከፈለም መቀጫ ይታከልበታል፤ ቀጥሎም በብዙ ግቢዎች ተማሪው ለሚመጣው ወቅት እንዳይመዘገብ ይታገዳል። መኪና በተሳሳተ ቦታ መቆሙ የትምህርት ጥፋት አይደለም፤ ስለዚህ ቅጣቱ ትምህርትን ሊነካ አይገባውም። ካሊፎርኒያ ከ2020 መባቻ ጀምሮ፣ ተማሪ ዕዳ አለበት ተብሎ የውጤት ማስረጃው እንዳይያዝበት በሕግ ከልክላለች። ሌሎችም ይህን አርዓያ ቢከተሉ እንወዳለን።

ደግ ምሳሌ አልጠፋም። በካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ከማቆሚያ ቅጣት የሚገኘው ገንዘብ አውቶቡስንና ይህን ለመሳሰለ ሌላ የመጓጓዣ ዘዴ እንዲውል በሕግ ተወስኗል። በአላስካ ዩኒቨርሲቲ በአንኮሬጅ ግቢ ደግሞ በ2019 ለተቸገሩ ተማሪዎች የሚሆን የኦቾሎኒ ቅቤና ማርማላታ በቅጣት ፋንታ ተቀብለዋል። የሰማ ሰው ይስቅ ይሆናል፤ ነገር ግን ተቀጪው ገንዘቡ የት እንደደረሰ በዓይኑ ያየበት ቅጣት ነው።

አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በንዴት ጊዜ ስድቡ የሚወርደው ወረቀቱን በጻፈው ሰው ላይ ነው። እርሱ ግን ደንቡን አላወጣውም። በብዙ ግቢዎች ይህን ሥራ የሚሠራው እንደ እኛው ለትምህርቱ የሚከፍለው ያጣ ተማሪ ነው። በዋሽንግተን ከተማም በመኪና ማቆሚያ ቦታዎች በብርድና በሐሩር ከሚውሉት ሠራተኞች መካከል ስንቶቹ ወገኖቻችን እንደሆኑ ሁላችንም እናውቃለን። ክርክራችን ከደንቡ ጋር እንጂ ከወንድማችን ጋር አይደለም።

ስለዚህ ማኅበራችን ለግቢው አስተዳደር አራት ነገር እንዲያቀርብ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የመጀመሪያው አቤቱታ ቀጪው መሥሪያ ቤት በማያዝዘው፣ ተማሪና መምህር ባሉበት ጉባኤ ይታይ። ሁለተኛ፣ የቅጣቱ ገንዘብ ለአውቶቡስና ለችግረኛ ተማሪ ይዋል፤ ሒሳቡም በየዓመቱ ይገለጽ። ሦስተኛ፣ በማቆሚያ ዕዳ ምክንያት ማንም ከምዝገባ አይታገድ። አራተኛ፣ የይግባኝ መብት በቅጣቱ ወረቀት ላይ ተለይቶ በሚነበብ ፊደል ይጻፍ።

መምህራን ሆይ፣ እናንተም በዚሁ ጉዳይ ስታጉረመርሙ እንሰማለን። ማጉረምረሙን ትታችሁ ከእኛ ጋር ብትፈርሙ ግን አቤቱታው ክብደት ያገኛል። ተማሪዎችም የተጻፈባችሁን በጊዜው ክፈሉ፤ በደል ካለበት በጊዜው ተከራከሩ። ሕግ እንዲከበር የሚሻ መሥሪያ ቤት ራሱም በሕግ ፊት መቆም ይገባዋል፤ በዚያ መቆም ደግሞ ቅጣት የለበትም።