ልጁ ቆሻሻ አይደለም፤ አንገቱን መፈተግ ተዉ!

ወላጆች፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣችሁ ነው።

የ10 ወይም የ12 ዓመት ልጅ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። አንገቱ ዙሪያውን ጠቁሯል፣ ቆዳው ወፈር ብሎ ከፋይ ጨርቅ መስሏል፣ ብብቱም እንደዚያው። "ዶክተር፣ ፈትጌ ፈትጌ አልለቅ አለኝ እኮ!" ትላላችሁ፤ ልጁ አጠገባችሁ አንገቱን ደፍቶ። ቆዳው እስኪላጥ በሳሙናና በሻካራ ጨርቅ የተፈተገ አለ፤ ማቅያ ክሬም የተቀባም አለ። ይህ ጥቁረት እድፍ አይደለም። ብዙ ጊዜ ኢንሱሊን የሚባለው ሆርሞን በደሙ ውስጥ ከሚገባው በላይ መብዛቱን የሚያሳይ ምልክት ነው። እናንተ ውጪውን ስትፈትጉ ውስጥ ጉበቱ ስብ እያጠራቀመ ሊሆን ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንሱሊን የሚመነጨው ከቆሽት ነው። ምግብ ስንበላ ጡንቻ ከደም ውስጥ ስኳር እንዲወስድ ያዛል፤ ጉበትን ደግሞ ስኳር መልቀቁን አቁሞ የተረፈውን እንዲያስቀምጥ ያደርገዋል። ሆድ አካባቢ ስብ ሲበዛና እንቅስቃሴ ሲጠፋ ሰውነት ይህን ትእዛዝ መስማት ይሳነዋል። ቆሽትም ኢንሱሊኑን ይጨምራል። ክፋቱ ጉበት የሚሰማው ግማሹን ትእዛዝ ብቻ መሆኑ ነው፦ ስኳር መልቀቁን አያቆምም፣ ስብ መሥራቱን ግን ይቀጥላል። ከሆድ የሚመጣው ስብም እዚያው ይጨመርበታል። አሁን በዚህ ላይ ለስላሳ ጨምሩበት። 300 ሚሊ ሊትር በምትይዘው ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለ። የዚያ ስኳር ግማሽ ያህሉ ፍሩክቶስ ነው፤ ፍሩክቶስ ደግሞ አብዛኛው ሸክሙ የሚያርፈው ጉበት ላይ ነው። እኛ ግን ልጅ ፈተና ሲያልፍ ለስላሳ፣ ሲያለቅስ ለስላሳ፣ እንግዳ ሲመጣ ለስላሳ!

አዋቂዎቹም አትቀሩም። አልትራሳውንድ "ጉበት ላይ ስብ አለ" ሲል የመጀመሪያው መልስ "መጠጥ በአፌ ዞሮ አያውቅም" ነው። እውነት ነው፣ ላይዞር ይችላል። በዓለም ላይ ከ4 አዋቂዎች ቢያንስ አንዱ ጉበቱ ላይ ስብ አለው፤ አብዛኛው በመጠጥ የመጣ አይደለም። በ2023 እ.ኤ.አ. የዘርፉ ሐኪሞች የበሽታውን ስም ራሱን ቀይረው ከሜታቦሊዝም መዛባት ጋር ያያዙት በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው መልስ ደግሞ የባሰ ነው፦ "ጉበት የሚያጥብ መድኃኒት አለ።" ጉበት የዛገ ቱቦ አይደለም፣ አይታጠብም። ምንነቱና መጠኑ ያልታወቀ ቅጠልና ዱቄት ራሱ ጉበት ሊያቆስል ይችላል። ሆርሞኑ ሳይነካ ስቡ ቢቀንስ እንኳ ተመልሶ ይመጣል።

ኢንሱሊን ብቻውን አይደለም። የታይሮይድ ዕጢ፣ ማለትም እንቅርት የምንለው እብጠት የሚወጣበት ዕጢ፣ ሥራው ሲቀንስ ሰው ይደክመዋል፣ ይበርደዋል፣ ሆዱ ይደርቃል፤ ጉበትም ስብ የማቃጠል ፍጥነቱ ይቀንሳል። ግንኙነቱ ምን ያህል ጥብቅ መሆኑን ለማየት፦ በ2024 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ጠባሳ ለጀመረው ለዚህ የጉበት በሽታ የተፈቀደው የመጀመሪያው መድኃኒት፣ ሬስሜቲሮም፣ የሚሠራው ጉበት ውስጥ ያለውን የታይሮይድ ሆርሞን መቀበያ በማነቃቃት ነው። (ይህን አንብባችሁ የጎረቤት የታይሮይድ ኪኒን እንዳትውጡ። እሱ ሌላ ነው፣ ልብ ይጎዳል።)

የወር አበባዋ በሁለት በሦስት ወር አንዴ የሚመጣ፣ አገጯ ላይ ፀጉር የሚያበቅል ልጅ አለቻችሁ? "ስታገባ ይስተካከላል" የሚለውን ተዉት። ይህ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ከኢንሱሊን ጋር የተያያዘ ነው፣ ጉበቷም መታየት አለበት። ለመወፈር ብላችሁ ያለ ማዘዣ ዴክሳሜታዞን የምትውጡ ደግሞ፣ የምትውጡት ስቴሮይድ ሆርሞን ነው። ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ ስብን ፊት፣ ሆድና ጉበት ላይ ያከማቻል። ቆይታችሁበት ከሆነ በድንገት አታቁሙት፤ ሐኪም ቀስ በቀስ ያስቁማችሁ።

ስለዚህ "ጉበት ላይ ስብ አለ" የሚል ወረቀት ይዛችሁ ዝም ብላችሁ ወደ ቤት አትሂዱ። "ስኳሬስ? የሦስት ወሩስ? ታይሮይዴስ? ኮሌስትሮሌስ?" ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ መድፈር አይደለም። የጉበት ቫይረስ ቢ እና ሲ ምርመራም አይቅር፤ አንድ ሰው ሁለቱም ሊኖሩበት ይችላል። ኤስጂፒቲ የተባለው የደም ምርመራ ደህና ሆነ ማለት ጉበት ላይ ስብ የለም ማለት አይደለም።

ክብደት ለበዛበት አዋቂ ከክብደቱ 5 በመቶ መቀነስ የጉበቱን ስብ ያቀልለታል፤ ከ7 እስከ 10 በመቶ ቢደርስ ብግነቱም ይበርዳል። 80 ኪሎ ለሆነ ሰው 4 ኪሎ ማለት ነው፣ ተራራ አይደለም። ለሚያድግ ልጅ ግን ምግብ አትከልክሉ። ለስላሳውንና ጣፋጩን ከቤት አውጡ፣ ስልኩን ተቀብላችሁ ኳስ ስጡት፤ ቁመቱ እየጨመረ ክብደቱ ባለበት ቢቆይ ብዙ ጊዜ በቂ ነው። "ወፍራሙ" እያላችሁም አትጥሩት። የአንገቱ ጥቁረት ኢንሱሊኑ ሲወርድ በወራት ውስጥ እየፈዘዘ ይሄዳል።

ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሆድ ውኃ ከቋጠረ፣ ደም ካስመለሰ ወይም ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን ይህን ሁሉ ትታችሁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ።