ፍሪዘሩ የሚቆጥረው ወር ነው ወይስ የመብራት ሰዓት?

ረመዳን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው በቦሌ ሚካኤል፣ በገርጂ፣ በሰሚትና በአያት ባሉ ብዙ ቤቶች ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ሥጋ ተገዝቶ ይፈጫል፤ ሽንኩርት ይከተፋል፤ የሳምቡሳ ሊጥ ይዳመጣል። ተሞልቶ የተጠቀለለው ሳምቡሳ በትሪ ተደርድሮ ፍሪዘር ይገባል። የሾርባው ሥጋም በየቀኑ ተመጥኖ በፌስታል ይታሰራል። ቀኑን ሙሉ ጾሞ ከሥራ የሚመለስ ሰው የማፍጠሪያው ሰዓት ሲደርስ ሁሉን ነገር ከባዶ መጀመር ይከብደዋል። ኑሮ በተወደደበት ዘመንም አንድ ጊዜ ገዝቶ ማስቀመጥ የብዙዎች የቁጠባ ዘዴ ሆኗል።

ፍሪዘሩን የሞሉት ጾመኛ ሙስሊሞች ብቻ አይደሉም። በ2016 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2 ገብተው ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ሁለቱ ጾሞች ተጎራብተው እየመጡ ነው። በአንድ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ አንዷ እናት ለዛሬ ማታ የምትጠብሰውን ሳምቡሳ ስታስቀምጥ፣ ጎረቤቷ ደግሞ ከቅበላ የተረፈውን ሥጋና ቅቤ ለፋሲካ ታቆያለች። ሁለቱም የሚተማመኑት በአንድ የመብራት መስመር ነው።

ከዚያ መብራት ይጠፋል። አንዳንዴ ለሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከቀኑ እስከ ማግስቱ። ተመልሶ ሲመጣ በየቤቱ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይበላ ወይስ ይጣል? እኛም ቤት በተደጋጋሚ ተነስቷል። መልሳችን ብዙ ጊዜ ማሽተት ነበር። ማሽተት ግን ለዚህ ጥያቄ አስተማማኝ ዳኛ አይደለም።

ነገሩን ከመሠረቱ እንየው። የምግብ ደኅንነት ባለሙያዎች የሚቀበሉት የፍሪዘር ልክ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በዚህ ቅዝቃዜ ያለማቋረጥ የቆየ ምግብ ዓመት ቢያልፈውም በጀርም ምክንያት ጎጂ አይሆንም። የሚቀንሰው ጣዕሙና ልስላሴው ነው፤ ሥጋው ይደርቃል፣ ስቡ ይሻግታል። ብዙ ጊዜ የሚነገሩን ወራትም የጥራት ወራት ናቸው። የተፈጨ ሥጋ ከ3 እስከ 4 ወር፣ ሙዳ የበሬ ሥጋ ከ4 እስከ 12 ወር፣ ያልተበለተ ዶሮ እስከ 1 ዓመት፣ የተበለተ ዶሮ እስከ 9 ወር፣ የበሰለ ወጥና ሾርባ ከ2 እስከ 3 ወር ጣዕሙን ይዞ ይቆያል። በረመዳን ዋዜማ ተዘጋጅቶ በጾሙ ውስጥ ለሚያልቅ ሳምቡሳ እንግዲህ ጊዜው ከበቂ በላይ ነው።

ችግሩ "ያለማቋረጥ" የሚለው ቃል ላይ ነው። ቅዝቃዜ ጀርምን አይገድልም፤ ያስተኛዋል እንጂ። የኮሶ ትል እጭ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ቢያንስ ለ10 ቀናት ከቆየ ይሞታል፤ እንደ ሳልሞኔላ ያሉ ተሕዋስያን ግን በረዶው ሲቀልጥ ነቅተው መራባት ይጀምራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ያለውን ሙቀት የአደጋ ክልል ይለዋል። የካቲትና መጋቢት ደግሞ አዲስ አበባ የምትሞቅባቸው ወራት ናቸው።

ስለዚህ በእኛ ከተማ ትክክለኛው ጥያቄ "ስንት ወር ተቀመጠ?" ሳይሆን "ስንት ሰዓት ቀለጠ?" የሚለው ነው። ለዚህም ግልጽ መለኪያ አለ። ጢም ብሎ የሞላ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ ቅዝቃዜውን ለ48 ሰዓት ያህል ይይዛል። እስከ ግማሽ የሞላው ለ24 ሰዓት ያህል ነው። ፍሪጁ ግን ከ4 ሰዓት በላይ አይታመንም። በሩን እየከፈቱ "ቀለጠ እንዴ?" ብሎ ማየት እነዚህን ሰዓታት ያሳጥራል። ባዶ ቦታ ካለም በውኃ በተሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ሞልቶ ማቀዝቀዝ ይረዳል።

መብራት ሲመለስ በምግቡ ላይ ገና የበረዶ ቅንጣት ካለ፣ ወይም ምግቡ እንደ ፍሪጅ የቀዘቀዘ ከሆነ፣ እንደገና ማቀዝቀዝ ይቻላል፤ የሚጎድለው ጣዕም ነው። ከ4 ዲግሪ በላይ ሆኖ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየ ሥጋ፣ ዶሮ፣ ወጥ ወይም በሥጋ የተሞላ ሳምቡሳ ግን መጣል አለበት። "በደንብ ላንተክትከው" ማለትም አያድንም፤ እንደ ስታፊሎኮከስ ያሉ ባክቴሪያዎች የሚተዉት መርዝ በማፍላት አይጠፋም። ከ13 ሰዓት በላይ ውኃ ሳይቀምስ የሚውል ሰው በትውከትና በተቅማጥ ሲያዝ ጉዳቱ እጥፍ ነው።

ቤት ባልነበርንበት ሰዓት መብራት ጠፍቶ ቢመለስስ? ለዚህ ቀላል ዘዴ አለ። ውኃ የተሞላች ስኒ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጦ በረዶ ሲሆን የአንድ ብር ሳንቲም ከላይ ማኖር ነው። ሳንቲሙ ላይ እንዳለ ከሆነ ምግቡ ደህና ነው። ወደ ታች ሰምጦ ከተገኘ ግን እኛ ሳናውቅ ቀልጦ ዳግም ረግቷል ማለት ነው። ያኔ አይን ሳያሹ መጣል ይሻላል።

እስካሁን ያወራነው ቤተሰብ ሊቆጣጠረው ስለሚችለው ነው። ከሱቁ ፍሪዘር የምንገዛው ዶሮና ዓሣስ? በላዩ የታተመው ቀን የሚሠራው ቅዝቃዜው ካልተቋረጠ ብቻ ነው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ ለአራት ዓመት በተዘረጋ ዕቅድ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። ወጪ ለመቀነስ ሌሊት ፍሪዘሩን የሚያጠፋ፣ መብራት ሲጠፋም ጄኔሬተር የማያስነሳ ነጋዴ ቢኖር ገዢው በምን ያውቃል? ጥቂት ምልክቶች አሉ፤ እሽጎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ከሆነ፣ በውስጣቸው ወፍራም በረዶ ከተጋገረ፣ ወይም የሥጋው ውኃ ከሥር ረግቶ ከታየ አለመግዛት ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ምግብ ለጤና አስጊ በሆነ ሁኔታ እንዳይሸጥ ይጠብቃል። ሕጉ መሬት የሚወርደው ግን ተቆጣጣሪው የታተመውን ቀን ከማንበብ አልፎ ቴርሞሜትር ይዞ ፍሪዘሩን ሲለካ ነው።

ቅዝቃዜን ሳያቋርጡ መጠበቅ በአገራችን የማይቻል ነገር አይደለም። ማስረጃው እዚያው ቦሌ ነው። ከሞጆና ከቢሾፍቱ ቄራዎች የሚወጣ የበግና የፍየል ሥጋ ቅዝቃዜው ሳይጓደል ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሶ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ይበራል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጭነት ተርሚናልም የሚበላሹ ምርቶች የሚቆዩባቸው ቀዝቃዛ ክፍሎች አሉት። የጂዳና የዱባይ ጾመኛ የእኛን ሥጋ በአስተማማኝ ቅዝቃዜ ሲቀበል፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትኖር እናት ግን በስኒና በሳንቲም ትጠብቃለች። ልዩነቱ የዕውቀት ሳይሆን የትኩረት ነው።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ለጥገና መብራት ሲያቋርጥ ቀድሞ ማሳወቁ መልካም ነው። በድንገተኛ መቋረጥም ቢሆን መብራቱ መቼ እንደሚመለስ ግምቱን ቢነግረን ትልቅ ዕርዳታ ነው። በ6 ሰዓት የሚመለስ ከሆነ ፍሪዘሩን ዘግተን እንጠብቃለን። ሁለት ቀን የሚቆይ ከሆነ ግን ሥጋውን ሳይቀልጥ አብስለን ለጎረቤት እናካፍላለን።

እስከዚያው አያቶቻችን የተዉልን መላም አለ። ሥጋውን ዘልዝሎ በበርበሬና በጨው አሽቶ ቋንጣ ማድረግ፣ ቅቤውን ማንጠር። እነዚህ የሚቆዩት ያለ መብራት ነው። ሥጋ የበዛበት ቤት ግማሹን ለፍሪዘር፣ ግማሹን ለቋንጣ ቢያደርግ መብራት በጠፋ ማግስት የሚጥለው ያንሳል። በጾም ወር ምግብ መጣል ከኪስም በላይ ያማል፤ የማይጣለውን ለይቶ ማወቅም የሚጠቅመው ለዚህ ነው።